ነገርን በዓይን ስለ ማስረዳት
(በራዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ጉዳይ ለራዲዮ የሚመች አይደለም። ራዲዮ ድምፅ እንጂ መልክ የለውም፤ የምናገረው ግን አንድን ነገር በቃል ብቻ ከመግለጽ ይልቅ በዓይን አሳይቶ፣ በእጅ አስነክቶ፣ በሰው ፊት ሠርቶ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። እኔ ከዚህ ሆኜ ምንም ላሳያችሁ ስለማልችል፣ እናንተ ነገሩን በልባችሁ እየሣላችሁ እንድትከተሉኝ እለምናችኋለሁ።

መርካቶ ወርዶ ጨርቅ የገዛ ሰው ሁሉ የምለውን ያውቃል። ነጋዴው «ንጹሕ ጥጥ ነው» ብሎ ቢምል ገዢው አይሰማውም፤ በገበያ ውስጥ መሐላ ርካሽ ነውና። ብልኁ ነጋዴ ግን ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር ይመዝዝና ክብሪት ይጭርበታል። ክሩ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ የሆነ እንደሆነ ጥጥ ነው፤ ተኮማትሮ ቀልጦ እንደ ጠጠር የደረቀ እንደሆነ ግን ናይሎን ነው። ነጋዴው አንድም ቃል ሳይጨምር ገዢው ያምነዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ክርክር የዋጋ ክርክር ብቻ ነው።

እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ነጋዴ አንሰን እንገኛለን። ጉዳዩን ለወራት ያጠናነው፣ ቁጥሩን የለቀምነው፣ ችግሩንም በዓይናችን ያየነው እኛ ሆነን ሳለ፣ ከኮሚቴ ፊት በቀረብን ጊዜ 40 ገጽ ሪፖርት ይዘን እንቀርብና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን ማንበብ እንጀምራለን። በ5ኛው ገጽ ላይ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ በ10ኛው ገጽ ላይ አንዱ አባል ሌላ ደብዳቤ ይፈርማል፤ በ20ኛው ገጽ ላይ ሻይ ይመጣል። በመጨረሻም «ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» ተብሎ ይወሰናል። እኛም ወደ ቢሯችን ተመልሰን የኮሚቴውን አባላት እናማለን። ነገር ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ የበደልነው እኛ አይደለንምን?

ነገሩ የዋዛ እንዳይመስላችሁ፣ በቂ ሆኖ ያልታየ ማስረጃ የሰው ሕይወት ያስከፈለበትን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 28 ቀን 1986፣ «ቻሌንጀር» የምትባለው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከፍሎሪዳ ተነሥታ ገና 73 ሴኮንድ እንደ በረረች በሰማይ ላይ ተበታተነች። በውስጧ የነበሩት 7 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ከሰባቱ አንዲቱ አስተማሪ ስለ ነበረች በብዙ ትምህርት ቤቶች ሕፃናት በቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው ይመለከቱ ነበር። የአደጋው መነሻ በኋላ ሲመረመር በቀኙ ረዳት ሮኬት መጋጠሚያ ውስጥ ያለ የጎማ ቀለበት ሆኖ ተገኘ። የውሃ ቧንቧ ስትጠግኑ እንዳይንጠባጠብ በመጋጠሚያው ውስጥ የምታስገቡት ዓይነት ነው፤ መጠኑ ብቻ እጅግ የበለጠ ነው። ሥራው ግለቱ የበዛ ጋዝ በመጋጠሚያው በኩል እንዳያመልጥ መዝጋት ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋት ግን ቅዝቃዜው በረዶ የሚያረጋ ነበርና ጎማው ደርቆ በጊዜው ሊዘጋ አልቻለም።

የሚያሳዝነው ይህ ነገር የታወቀው ከአደጋው በኋላ አለመሆኑ ነው። ሮኬቱን የሠራው ሞርተን ታዮኮል የተባለው ኩባንያ መሐንዲሶች በዋዜማው ማታ ከጠፈር መሥሪያ ቤቱ ሹማምንት ጋር በስልክ ለሰዓታት ተከራክረዋል። ከመሐንዲሶቹም አንዱ ሮጀር ቦይዦሊ የጎማው ነገር እንደሚያሠጋ አስቀድመው የጻፉ ሰው ነበሩ። የሁሉም ምክር፣ የጎማው ሙቀት ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ መንኮራኩሯ እንዳትነሣ ነበር። ለዚህም ማስረጃ ይሆን ዘንድ ግማሹ በእጅ የተጻፈ 13 ገጽ በፋክስ ላኩ። በገጾቹ ውስጥ ቁጥር አለ፤ ሠንጠረዥ አለ፤ የጎማው መበላት መጠን አለ። ሹማምንቱ ግን «ጉዳቱ በሞቃት ቀንም ታይቷልና ምክንያቱ ቅዝቃዜ ስለ መሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ?» የሚል ክርክር አነሡ። በዚህ ጊዜ የኩባንያው ኃላፊዎች ስልኩን ዘግተው ለብቻቸው መከሩና ተመልሰው «ትነሣ» አሉ።

ኤድዋርድ ተፍቲ የተባሉ ሊቅ በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚያን 13 ገጾች አንድ በአንድ መርምረዋቸዋል። የሊቁ ወቀሳ፣ ከገጾቹ በአንዱም ላይ እንኳ የአየሩ ሙቀትና የጎማው ጉዳት ባንድነት፣ በዓይን ሊነጻጸር በሚችል ሥዕል አልተቀመጠም የሚል ነው። መሐንዲሶቹ በበኩላቸው ይህን ወቀሳ አልተቀበሉትም፤ በዚያች ሌሊት መረጃው ሁሉ በእጃችን አልነበረም ብለው መልሰዋል። እኔም በበኩሌ በዚያች ሌሊት እውነቱን ይዘው የተሟገቱትን ሰዎች መውቀስ አይዋጥልኝም፤ ጥፋቱ ይልቁንም መስማት ባልፈለጉት ላይ ነው። ይሁን እንጂ አጣሪው ኮሚሽን በኋላ የቆጠረውን ስሙ። ከዚያ በፊት ከተደረጉት 24 በረራዎች፣ በ19 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ከተደረጉት 20 በረራዎች ጉዳት የታየው በ3ቱ ብቻ ነበር፤ በ17 ዲግሪና ከዚያ በታች ከተደረጉት 4 በረራዎች ግን በ4ቱም ታይቷል። ክርክሩ የተደረገው ጉዳት ስለ ታየባቸው በረራዎች ብቻ ነበርና፣ ደኅና የተመለሱት ስላልተቆጠሩ ነገሩ ተሸፍኖ ቀረ። እነዚህን ነጥቦች በአንድ ወረቀት ላይ ሙቀቱን በአግድም፣ ጉዳቱን በቁም አድርጎ ያስቀመጣቸው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ የ7 ዓመት ልጅ እንኳ ነጥቦቹ ወዴት እንደሚያዘነብሉ ባወቀ ነበር። ለማግሥቱ ጠዋት የተገመተው ሙቀት ደግሞ ከነጥቦቹ ሁሉ ርቆ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ብቻውን በቆመ ነበር።

አሁን ደግሞ የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ተመልከቱ።

አደጋውን እንዲያጣራ ከተቋቋመው ኮሚሽን አባላት አንዱ በ1965 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሪቻርድ ፋይንማን ነበሩ። ፋይንማን በዚያን ጊዜ በካንሰር የታመሙ ሰው ነበሩ፤ ከሁለት ዓመትም በኋላ ዐርፈዋል። በጉባኤው ላይ «ቅዝቃዜ ጎማውን ይጎዳዋልን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እየተድበሰበሰ ስላስቸገራቸው፣ አንድ ማታ ራት ሲበሉ በገበታው ላይ የቀረበላቸውን የበረዶ ውሃ አዩና አንድ ሐሳብ መጣላቸው። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሱቅ ሄደው ፒንሳ፣ ካቻቢቴና አንዲት ትንሽ ማጥበቂያ ሞርሳ ገዙ። የካቲት 4 ቀን 1978 ዓ.ም. በተደረገው ግልጽ ጉባኤ፣ ለአባላቱ እንዲታይ ከዞረው የመጋጠሚያ ሞዴል ላይ ቁራጭ ጎማ አወጡ፤ በሞርሳው ጨምቀው በፊታቸው በነበረው የበረዶ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነከሩት። ከዚያ ጠበቁ።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ፋይንማን ቶሎ ለመናገር ቸኩለው የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ ሊጫኑ ሲሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጡት ጄኔራል ኩቲና አቆሟቸው። ጄኔራሉ የአስረጂውን የገለጻ ወረቀት አስቀድመው አይተውት ነበርና፣ የመጋጠሚያው ነገር የሚነሣበት ገጽ እስኪደርስ ድረስ እንዲታገሡ ነገሯቸው። ገጹ ሲደርስ ፋይንማን ጎማውን ከውሃው አውጥተው ሞርሳውን ፈቱት። ጎማው እንደ ተጨመቀ ቀረ፤ ወደ ቀድሞ መልኩም ቶሎ አልተመለሰም። ፋይንማንም በአጭሩ፣ ይህ ነገር ለጉዳያችን አንዳች ትርጉም ያለው ይመስለኛል የሚል ቃል ተናግረው ዝም አሉ። ዜናው በቴሌቪዥንና በጋዜጣ በመላው አገር ተሰማ።

ፋይንማን ያሳዩት ነገር አዲስ ግኝት አልነበረም። መሐንዲሶቹ በስልክ የጮኹበት ያው እውነት ነው። ልዩነቱ 13 ገጽና አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ደግሞም ፋይንማን በኋላ በጻፉት መጽሐፍ አንድ ምስጢር ገልጠዋል፤ ይኸውም ጎማውን በዚያው ጠዋት ከጉባኤው በፊት ለብቻቸው ነክረው ሞክረውት ነበር። በዚህም ትንሽ እንዳፈሩ ጽፈዋል። እኔ ግን የሚያሳፍር ሆኖ አላገኘሁትም። ከሰው ፊት የሚሠራውን ነገር አስቀድሞ በቤቱ ያልሞከረ ሰው ደፋር ሳይሆን ቸልተኛ ነው።

ሥዕልም እንደ ብርጭቆው ውሃ ሊሠራ ይችላል። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ቁስለኞችን ያስታመሙት ፍሎሬንስ ናይቲንጌል በብዙዎቻችን ዘንድ የሚታወቁት መብራት ይዘው በሌሊት በሆስፒታል ሲዘዋወሩ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የማደንቃቸው ከጦርነቱ ተመልሰው በጠረጴዛ ላይ በሠሩት ሥራ ነው። ከወታደሮቹ አብዛኛዎቹ የሞቱት በጠላት ጥይት ሳይሆን በንጽሕና ጉድለት በሚመጣ በሽታ እንደ ነበረ ያውቁ ነበር፤ ይህንንም የሚያስረዳ የሠንጠረዥ ክምር ነበራቸው። ነገር ግን ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ሠንጠረዥ እንደማያነቡ ያውቁ ስለ ነበር፣ በ1858 ዓመቱን በ12 ክፋይ የከፈለ፣ የአበባ ቅጠል የሚመስል ክብ ሥዕል አሳተሙ። በቁስል የሞቱት በቀይ፣ በሌላ ምክንያት የሞቱት በጥቁር፣ ሊከለከል ይችል በነበረ በሽታ የሞቱት ደግሞ በሰማያዊ ቀለም ተቀቡ። ገጹን የገለጠ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያየው ሰማያዊውን ነው፤ ቀዩን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልገዋል። በአጠገቡ ያለው ሁለተኛው ክብ ደግሞ የሆስፒታሎቹ ንጽሕና ከተጠበቀ በኋላ የነበረውን ዓመት ያሳያል፤ ሰማያዊው እያነሰ ሄዶ ይታያል። የሠራዊቱን ንጽሕና ለማሻሻል በኋላ በተደረገው ክርክር ውስጥ ይህ ሥዕል ታላቅ መሣሪያ ሆነ።

እነዚህ የውጭ አገር ምሳሌዎች ናቸው። በአገራችንም ቢሆን ሠርቶ ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም። በ1880ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ በክፉ ቀን፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ በሬ በጠፋበት ጊዜ፣ ገበሬው ያለ በሬ ማረስ እንዴት ይቻላል ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። መሬት በእጅ መቆፈርም እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር። አፄ ምኒልክ በዚህ ጊዜ አዋጅ ማስነገር ብቻውን እንደማይበቃ ዐውቀው፣ ራሳቸው ዶማ ይዘው ሲቆፍሩ እንደ ታዩ በታሪክ ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ የቆፈሩትን መሬት ማን ነው አልቆፍርም የሚል?

አሳንሰር ያለው ፎቅ ላይ የምትሠሩ ደግሞ የኤሊሻ ኦቲስን ነገር ብታውቁ መልካም ነው። ኦቲስ በ1854 በኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ በከፍታ በተንጠለጠለ መድረክ ቆሞ፣ መድረኩን የያዘውን ገመድ በመጥረቢያ አስቆረጠው። ሕዝቡ ሲደነግጥ መድረኩ ጥቂት ዝቅ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የፈለሰፈው መያዣ ይዞታልና። «አስተማማኝ ነው» ከማለት ይልቅ ራሱ በላዩ ላይ መቆሙ ነገሩን ጨረሰው።

ወዳጆቼ፤ እስከዚህ ድረስ የተናገርሁትን ሰምታችሁ ማየት ሁሉ እውነት ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ። ዓይንም ይታለላል፤ እንዲያውም ዓይን የተታለለ እንደሆነ ከጆሮ ይልቅ ለመመለስ ያስቸግራል። በ1888 በኒው ዮርክ ሃሮልድ ብራውን የተባለ ሰው፣ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ለሕዝብ አደገኛ ነው ብሎ ለማሳመን በኮሎምቢያ ኮሌጅ በብዙ ሰው ፊት አንድ ውሻ በኤሌክትሪክ ገደለ። ውሻው ግን አስቀድሞ በቀጥተኛው ጅረት ደጋግሞ ተመትቶ ደክሞ ነበር፤ ተመልካቹም ከሁለቱ ጅረቶች የትኛው ምን ያህል እንደ ጎዳው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ብራውን ይሠራ የነበረው የቶማስ ኤዲሰን ወገን በነበሩት ሰዎች ድጋፍ ነበር፤ እነርሱም ቀጥተኛውን ጅረት ይሸጡ ነበር። ትርኢቱ አስደነገጠ፤ እውነቱን ግን አላሳየም። ዛሬ በየቤታችሁ መብራቱን የሚያበራው ያ የተወገዘው ተለዋዋጭ ጅረት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የሉዊ ፓስተር ነገር ነው፤ ፓስተር ያሳዩት ነገር እውነት ነበርና። በ1881 ፑዪ ለ ፎር በተባለ የፈረንሳይ መንደር 24 በጎችን የአባ ሰንጋ በሽታ ክትባት ከተቡ፤ ሌሎች 24 በጎችን ሳይከተቡ ተዉ፤ ከዚያም ለሁሉም የበሽታውን ሕዋስ ወጉ። ጁን 2 ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲመለከት የተከተቡት ቆመው ይግጣሉ፤ ያልተከተቡት አብዛኛዎቹ ሞተው ተጋድመዋል፤ የቀሩትም እስከ ማታ ሞቱ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከወዴት ይመጣል? ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1995 ጄራልድ ጊሰን የተባሉ የታሪክ ሊቅ የፓስተርን የግል ማስታወሻ ደብተር መርምረው ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በዚያን ጊዜ የተወጋው ክትባት ፓስተር ለሕዝቡ እንዲመስል ባደረጉት መንገድ ሳይሆን፣ የሥራ ባልደረባቸው ሻምበርላን በኬሚካል ባዘጋጁት መንገድ የተሠራ እንደ ነበረ አሳዩ። በጎቹ በእውነት ድነዋል፤ ስለ ክትባቱ አሠራር ግን ሕዝቡ የተሳሳተ ነገር ይዞ ሄደ። ስለዚህ አንድ ሰው በፊታችሁ ነገር ሠርቶ ሲያሳያችሁ ያያችሁትን ከማድነቃችሁ ጋር ያላሳያችሁ ምን እንደሆነ ጠይቁ። እናንተም አሳዪ በሆናችሁ ጊዜ ይህ ጥያቄ እንደሚጠብቃችሁ ዐውቃችሁ ቅረቡ።

ከዚህ በኋላ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልናገር፤ ብዙም አልል፤ ማንም በልምድ የሚያገኘው ነገር ነውና። በዛሬ ጊዜ በየስብሰባው ስላይድ የሚባለው ነገር በዝቷል። ብዙዎቻችን የሪፖርታችንን አንቀጽ እንዳለ በግድግዳው ላይ እናበራና ጀርባችንን ለሰው ሰጥተን እናነበዋለን። ይህ ማሳየት አይደለም፤ ሪፖርቱን በትልልቅ ፊደል መጻፍ ነው። ሰው እያነበበ መስማት አይችልም፤ እየሰማም ማንበብ አይችልም። ሥዕሉ በኋለኛው ወንበር ለተቀመጠው ሰው ካልታየ ባይኖር ይሻላል። ዕቃ ይዛችሁ ከቀረባችሁ ደግሞ ጊዜው እስኪደርስ ሸፍናችሁ አስቀምጡት፤ ፊት ለፊት የተቀመጠ ዕቃ የሰውን ዓይን ይወስዳልና። ካሳያችሁ በኋላም ዝም በሉ። ተናጋሪ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።

መብራት ሊጠፋ እንደሚችልም አትርሱ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሁሉን ነገሬን በማሳያው መኪና ላይ ጥዬ ስብሰባ ገብቼ፣ በሁለተኛው ሥዕል ላይ መብራት ሄደና ለሩብ ሰዓት ያህል በጨለማ ውስጥ በባዶ እጄን ቆሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ ዋናውን ሥዕል በወፍራም ካርቶን ላይ አሠርቼ በክንዴ ሥር ሳልይዝ አልሄድም።

በመጨረሻም ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ በአንድ መሥሪያ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። የመዝገብ ቤቱ ጣራ በክረምት ያፈስ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ በ2 ዓመት ውስጥ 6 ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ስድስቱም «ለሚቀጥለው በጀት ይታሰብ» የሚል ምልክት እየተደረገባቸው በዚያው በሚያፈሰው ክፍል ተመልሰው ተቀመጡ። ሰባተኛውን ደብዳቤ አልጻፉም። የበጀት ኮሚቴው በተሰበሰበበት ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በክንዳቸው ይዘው ገቡ። ተራቸው ሲደርስ ጋዜጣውን ፈተው አንድ መዝገብ በሰብሳቢው ፊት አኖሩ። መዝገቡ በእርጥበት አብጦ፣ ሻግቶ፣ ሽታው በክፍሉ ተሰማ። ጡረታ ለመውጣት ማመልከቻ ያስገባ የአንድ የጥበቃ ሠራተኛ የግል ማኅደር ነበር።

«ክቡር ሆይ» አሉ፤ «የዚህን ሰው የቅጥር ቀን ያንብቡልኝ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያውን ገጽ ለመግለጥ ሲሞክሩ ወረቀቱ ከሁለተኛው ጋር ተጣብቆ ስለ ነበር በእጃቸው ላይ ተቀደደ። ሁለተኛውን ሞከሩ፤ ቀለሙ ፈስሶ ሰማያዊ ጉድፍ ብቻ ቀርቷል። ማንም አልተናገረም። ወይዘሮዋም ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ጋዜጣውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ገንዘቡ በዚያው ቀን ተፈቀደ፤ ጣራውም ከሰኔ በፊት ተሠራ። የጥበቃ ሠራተኛውን የአገልግሎት ዘመን ለማረጋገጥ ግን ምስክር መፈለግ አስፈለገ፤ አብረውት ከተቀጠሩት ሰዎች በሕይወት የተገኘው አንድ ብቻ ነበር።